የእግር ጥፍር ሲጎዳ ወይም ሲወልቅ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የእግሬ አውራ ጣት ላይ የወደቀው የቁም ሳጥን መሳቢያ ነበር። መጀመሪያ ቀላ። በማግስቱ ጠቆረ። በሦስተኛው ሳምንት ካልሲዬን ሳወልቅ የጥፍሩ ጫፍ በካልሲው ክር ተይዞ እንደ ክዳን ብድግ ሲል አየሁት። ብዙም አላመመኝም። ያስደነገጠኝ መልኩ ነው፤ ያለ ጥፍር ሲታይ የኔ ጣት አይመስልም ነበር።

ሰው “ለጥፍር ነው እንዴ እንዲህ የምትጨነቂው?” ይላል። የደረሰበት ግን ያውቀዋል። ክፍት ጫማ ይቀራል። መዋኛ ቦታ ይቀራል። ጫማ የሚወለቅበት ቤት ስትገቡ ልባችሁ ያለው እግራችሁ ላይ ነው። እኔም እንዲሁ ነበርኩ። ቶሎ ልሸፍነው ስል ደግሞ ከመሳቢያው ያልተናነሰ ጉዳት አደረስኩበት። ከታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹን ሠርቻቸዋለሁ፤ እናንተ እንዳትደግሟቸው ብዬ ነው የምጽፈው።

የላላውን ጥፍር ነቅሎ መጣል

ጥፍር ሲላላ እጅ አርፎ አይቀመጥም። ትነካኩታላችሁ፣ ወዲያ ወዲህ ትገፉታላችሁ፣ በመጨረሻ “ግልግል ነው” ብላችሁ ትነቅሉታላችሁ። ችግሩ ጥፍሩ በአንድ በኩል ቢለቅም በሌላ በኩል ገና ሥጋውን መያዙ ነው። በተለይ ከኋላ፣ ቆዳው ውስጥ የተደበቀው ሥሩ። አዲሱ ጥፍር የሚሠራው እዚያ ነው። ሥሩ ከተቀደደና ጠባሳ ከያዘ ቀጥሎ የሚመጣው ጥፍር ተሰንጥቆ፣ ተጣሞ ወይም ወፍሮ ሊበቅል፣ እንደዚያው ሆኖም ሊቀር ይችላል።

አሮጌው ጥፍር ቢያስጠላም ለታችኛው ሥጋ ክዳን ነው። የለቀቀውን ክፍል ብቻ በንጹሕ የጥፍር መቁረጫ ቀስ እያላችሁ ቁረጡ። ጠርዙን በሞረድ አለስልሱት፤ ካልሲ የሚይዘው ሻካራ ጠርዝ ነው። የቀረውን በፕላስተር ያዝ አድርጉት። ጊዜው ሲደርስ በራሱ ይወድቃል። እኔ ግን የዚያን ቀን ከነካልሲው ጎትቼ ጨረስኩት። ከግራ ጥጉ ደም ፈሰሰ። እዚያ ጥግ ላይ የበቀለው ጥፍር ዛሬም መስመር አለው።

ቁስሉ ሳይደርቅ ቀለም መቀባት

ጥፍሩ እንደወለቀ የሚታየው ሥጋ እርጥብ ነው፣ ሲነኩትም ያማል። ቀለሙም ማስለቀቂያው አሴቶንም ይለበልቡታል። በዚህ ጊዜ የሚያስፈልገው ትንሽ ነገር ነው፦ በለብታ ውሃና በሳሙና ማጠብ፣ በደንብ ማድረቅ፣ ቫዝሊን ቀባ አድርጎ ከቁስል ጋር በማይጣበቅ ጎዝ መሸፈን። ጎዙን በየቀኑ ቀይሩት። ተራ ጎዝ ቫዝሊን ያልተቀባ ቁስል ላይ ካስቀመጣችሁ በማግስቱ ስታነሱት አብሮት የሚነሳውን ታውቁታላችሁ።

ሥጋው ውሎ አድሮ ይደርቃል፣ ይጠነክራል። ፈሳሽ ሲያቆም፣ ስትጫኑት ሳያማችሁ ሲቀር ያኔ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ መላ አለ። ጥፍር ባይኖርም ቀለም መቀባት ይቻላል። ቀጥታ የጠነከረው ቆዳ ላይ፣ በጥፍር ቅርጽ።

መጀመሪያ ስሰማ አላመንኩም። ለአንድ ሰርግ ክፍት ጫማ ማድረግ ነበረብኝና ሞከርኩት። ቫዝሊኑን በሳሙና አጥቤ አደረቅኩ። ቀለም የሌለውን ማስያዣ ስስ አድርጌ ቀባሁና እስኪደርቅ ጠበቅኩ። ከዚያ ቀለሙን ከመሐል ጀመርኩ። ዋናው ጥበብ ከኋላ ያለችውን ግማሽ ክብ መስመር ማግኘት ነው፤ እሷ ከተስተካከለች ዓይን ሌላውን ራሱ ይሞላዋል። ሞዴል የሆነኝ የሌላኛው እግሬ አውራ ጣት ነው። ሁለቱን እግሮች ጎን ለጎን አድርጌ እያየሁ ሣልኩ ማለት ይቻላል። ሁለት ስስ እጅ ከአንድ ወፍራም እጅ ይሻላል። ቆዳ እንደ ጥፍር አያብረቀርቅምና በመጨረሻ የሚያብለጨልጨውን ከላይ ደረብኩበት።

ደመቅና ጠቆር ያለ ቀለም ምረጡ። ፈዛዛውና ከሥር የሚያሳየው ልዩነቱን ያጋልጣል። የቀሩትን ጣቶችም በዚያው ቀለም ቀቡ። ቆዳ ስለሚተጣጠፍ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሰነጠቃል፤ ያኔ አስለቅቁትና ጣቱ ይረፍ። ቆሞ ለሚያይ ሰው ግን አይለይም። እዚያ ሰርግ ላይ እግሬን አይቶ ምንም ያለኝ ሰው አልነበረም። ጥፍሩ እስከነሥሩ በቀዶ ሕክምና የወጣለት፣ ዳግም የማይበቅልለት ሰውም በዚሁ መንገድ ለዓመታት መጠቀም ይችላል።

ሰው ሠራሽ ጥፍር በሙጫ መለጠፍ

ይሄ የምር ያሳስበኛል። በካርቶን የሚሸጡት ተለጣፊ ጥፍሮች የተሠሩት ጥፍር ላይ እንዲለጠፉ ነው፤ ባዶ ቆዳ ላይ አይደለም። ሙጫው ቆዳን ያቆጣል። አንዳንድ ሰው ላይ አለርጂ ያስነሳል። በጥፍር ቤት የሚሠሩት አክሪሊክና ጄል ጥፍሮችም እንዲሁ ናቸው፤ ለእነዚህ ነገሮች አንዴ አለርጂ የያዘው ሰው ቆይቶ የጥርስ ሐኪም የሚጠቀምባቸው ተመሳሳይ ነገሮች ሊያስቸግሩት ይችላሉ።

ሌላው ውሃ ነው። የተለጠፈው ጥፍር በአንድ ጠርዝ ከለቀቀ ውሃ ገብቶ ይታቆራል። እርጥብና ዝግ ቦታ ለፈንገስም ለባክቴሪያም ይመቻል። አንዱ ባክቴሪያ ጥፍሩን አረንጓዴ ያደርገዋል። ቀለሙን አስለቅቃችሁ ሥሩን አረንጓዴ ካገኛችሁት ደግማችሁ አትሸፍኑት፤ ክፍት ይሁን፣ ይድረቅ፣ ሐኪምም ይየው።

ሰው ሠራሹን የግድ ከፈለጋችሁ የእግር ጤና ባለሙያ ዘንድ ሂዱ። ከእግር ጋር የሚተጣጠፍ ለስላሳ ማቴሪያል አላቸው። እሱም ቢሆን የሚይዝበት የተፈጥሮ ጥፍር ሊኖር ይገባል። ጭራሽ ምንም ከሌለ የላይኛው የቀለም ዘዴ ይሻላችኋል።

ጥቁር ሁሉ የረጋ ደም ነው ብሎ መተው

አብዛኛውን ጊዜ በርግጥም ደም ነው። ኳስ የሚጫወት፣ ረጅም ርቀት የሚሮጥ፣ ጠባብ ጫማ የሚያደርግ ሰው ጥፍሩ ይጠቁራል። ግን ሁልጊዜ አይደለም።

ቦብ ማርሌይን ሁላችንም እናውቀዋለን። እ.ኤ.አ. በ1977 በእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር የነበረው ቁስል መጀመሪያ የኳስ ጉዳት ተደርጎ ታስቦ ነበር። ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር ሆኖ ተገኘ። በ1981 በ36 ዓመቱ አረፈ። ካንሰሩ ከኳሱ የመጣ አልነበረም፤ ኳሱ ምክንያት ሆኖ ሸፈነው እንጂ። ጥቁር ቆዳ ያለን ሰዎች ሜላኖማ ብዙም አይዘንም፤ ሲይዘን ግን በብዛት የሚወጣው እንዲህ ባለ ቦታ ነው፦ መዳፍ፣ የእግር ሥር፣ ጥፍር ሥር።

እንዴት ትለያላችሁ? ደም ከጥፍሩ ጋር ይጓዛል። ከጊዜ በኋላ ከኋላ በኩል ንጹሕ ጥፍር ብቅ ይልና ጥቁሩን ወደፊት ይገፋዋል። በየወሩ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ብርሃን ፎቶ አንሱት። ንጹሑ ክፍል እየሰፋ ከሄደ ጥሩ ነው። ከሥሩ እስከ ጫፉ የሚወርድ ጥቁር ወይም ቡናማ መስመር ከሆነ፣ ወደፊት ካልሄደ፣ እየሰፋ ከመጣ ወይም ጥቁረቱ በዙሪያው ወዳለው ቆዳ ከወጣ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ሳታመነቱ። በብዙ ጣቶች ላይ ከድሮ ጀምሮ ያሉ ቡናማ መስመሮች ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች የተለመዱና አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የሌላቸው ናቸው። የሚያሳስበው በአንድ ጣት ብቻ አዲስ የመጣው ወይም መልኩን የቀየረው ነው።

ለዚህ ነው ጥፍርን ያለማቋረጥ በቀለም መሸፈንን የምቃወመው። የሸፈናችሁትን አታዩትም። ደግሞም ለወራት ሳይነሳ የቆየ ቀለም ጥፍሩን ቢጫ ያደርገዋል፣ ነጫጭ ሻካራ ነጠብጣብም ያወጣበታል።

ሳይመረመሩ የፈንገስ መድኃኒት መጀመር

ጥፍር ወፈረ፣ ቢጫ ሆነ፣ ተፈረፈረ ማለት ፈንገስ ነው ማለት አይደለም። መልካቸው ከተበላሸ ጥፍሮች ፈንገስ የሚገኝባቸው ግማሽ ያህሉ ናቸው። የድሮ አደጋ፣ ጫማ፣ ሶርያሲስ የሚባለው የቆዳ ሕመም ጥፍሩን ቁርጥ ያንን ያስመስሉታል። ከጥፍሩ ትንሽ ተቆርጦ በላቦራቶሪ ሲታይ ነገሩ ይለያል።

ምርመራው የሚያስፈልገው ሕክምናው ረጅም ስለሆነ ነው። ለእግር ጥፍር የሚታዘዘው ተርቢናፊን የሚባለው ኪኒን አብዛኛውን ጊዜ 12 ሳምንት ይወሰዳል፤ ጉበትን ሊነካ ስለሚችልም ሐኪም የደም ምርመራ ያዝዛል። የሚቀባው ደግሞ አንድ ዓመት ገደማ ይፈጃል። ለሌለ ፈንገስ ይህን ሁሉ መክፈል ያሳዝናል። ፈንገሱ ኖሮ ቢሞት እንኳን የተበላሸው ጥፍር አይጸዳም። ጤነኛው ከኋላ አድጎ እስኪተካው መጠበቅ ነው። ብዙ ሰው “አልሠራልኝም” ብሎ የሚያቋርጠው እዚህ ላይ ነው።

በሁለት ወር ይበቅላል ብሎ መጠበቅ

የእግር ጥፍር በወር የሚያድገው 1.5 ሚሊሜትር ያህል ነው። የእጅ ጥፍር በእጥፍ ይፈጥናል። የእግር አውራ ጣት ጥፍር ሙሉ ለሙሉ እስኪተካ ከ12 እስከ 18 ወር ይወስዳል። ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ በየማለዳው ጣቴን መብራት ሥር አላስቀምጥም ነበር።

አዲሱ ጥፍር ሲጀምር ያስደነግጣል። ይወፍራል፣ ይሸበሸባል፣ ሞገድ አለው። ብዙ ጊዜ እያደገ ሲሄድ ይስተካከላል። አንድ ነገር ግን ተከታተሉ። የሚጫነው ጥፍር ስለሌለ የጣቱ ጫፍ ሥጋ ወደ ላይ ያብጣል። አዲሱ ጥፍር ሲደርስ እዚያ ግድግዳ ላይ ይላተምና ሥጋ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ቁስሉ ከዳነ በኋላ የጣቱን ጫፍ በየቀኑ ወደ ታች እየገፉ ማሸት፣ አስፈላጊ ከሆነም በፕላስተር ወደ ታች ሳብ አድርጎ ማሰር ይረዳል።

ለማፋጠን ባዮቲን የሚባለውን ቫይታሚን የሚገዛ አለ። ጤነኛ ሰው ላይ ጥፍር እንደሚያሳድግ ጠንካራ ማስረጃ የለውም። በብዛት ሲወሰድ ደግሞ የታይሮይድንና የልብን የደም ምርመራ ውጤት ያዛባል። የምትወስዱ ከሆነ ለሐኪማችሁ ንገሩ።

ያንኑ ጫማ ማድረግ

ጥፍሩን የጎዳው ጫማ ከሆነ አዲሱንም ይጎዳዋል። ቆማችሁ፣ ከረጅሙ የእግር ጣታችሁ ፊት የእጅ አውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍተት ይኑር። ጫማ ከሰዓት በኋላ ግዙ፤ እግር ሲውል ያብጣል።

በስኳር ሕመም ራስን ማከም

ስኳር ያለበት፣ እግሩ የሚደነዝዘው ወይም የእግሩ ደም ዝውውር የደከመ ሰው ከላይ ካሉት ምክሮች አንዱንም ሐኪም ሳያየው አይሞክር። ትንሽ ጭረት ሳይታወቅ ወደ ትልቅ ቁስል ይሄድበታል። ማንም ሰው ቢሆን ደግሞ መግል ካየ፣ ቅላቱ እየተስፋፋ ከሄደ፣ ከጥፍሩ ሥር የታቆረው ደም እንደ ልብ እየመታ ካሳመመው ወይም ጣቱ ተሰብሮ ይሆናል ብሎ ከጠረጠረ በዚያው ቀን ይታይ።

እግርን ከሰው ሁሉ መደበቅ

እኔ ቤት ውስጥ ሳይቀር ካልሲ አደርግ ነበር። አልጋ ላይም። እግሬ ቀኑን ሙሉ እየላበ በሁለት ጣቶቼ መሐል ማሳከክ ጀመረኝ። መደበቁ ራሱ ሌላ ችግር አመጣ ማለት ነው። ቢያንስ ቤት ስትገቡ እግራችሁን አየር አስነኩት።

ሰው ቢጠይቅ ምን እላለሁ የሚለው ነበር ትልቁ ጭንቀቴ። አንድ ቀን የእህቴ ልጅ ሳታስበው ባዶ እግሬን አየች። አምስት ዓመቷ ነው። ቁጢጥ ብላ፣ አፍንጫዋ ጣቴን ሊነካ እስኪደርስ ተጠግታ መረመረችው።

“ጥፍሩ የት ሄደ?”

“ተመትቶ ወለቀ። አዲስ እየመጣ ነው።”

“መቼ ይደርሳል?”

“ልደትሽ ሲመጣ ምናልባት።”

ትንሽ አሰበችበት። ከዚያ እንዳትረሳው ነው መሰለኝ በየሳምንቱ እየመጣች ታየው ጀመር። ካልሲውን ያስወለቀችኝ እሷ ናት። ልደቷ ሲደርስ ጥፍሩ ገና ግማሽ ላይ ነበር፤ ያንኑ ግማሹን ከሷ ጥፍሮች ጋር ቀይ ቀባነው።