«ጀመረ እንዴ?»፦ የግቢ ቪዲዮ ስቱዲዮ ችግሮችና መፍትሄዎች

አንድ ግቢ ውስጥ መምህራን ትምህርታቸውን የሚቀርጹበት የቪዲዮ ክፍል ስናደራጅ አብዛኛውን በጀት የበላው ካሜራው ነበር። ያ ገንዘብ ዛሬ ተመልሶ ቢሰጠኝ መጀመሪያ የምገዛው ወፍራም መጋረጃ ነው፤ ለምን እንደሆነ ድምፅ ጋ ስንደርስ ታዩታላችሁ። ይህን የምጽፈው ስቱዲዮ ለሚያስተዳድር የአይሲቲ ባለሙያ፣ ወይም «አንተ ኮምፒውተር ትችላለህ» ተብሎ ድንገት ቁልፍ ለተሰጠው ሰው ነው።

ምልክት፦ ክፍሉ ባዶ ነው፣ ማንም አይቀርጽም

ከሁሉም የከፋው ብልሽት ይህ ነው። ነገር ግን የተበላሸ ዕቃ ስለሌለ ማንም አያመለክትም። መምህራኑን ብትጠይቁ «ጊዜ የለኝም» ይላሉ። በሩ አጠገብ ግማሽ ቀን ቁጭ ብላችሁ ብታዩ ግን ሌላ ነገር ትረዳላችሁ። ቁልፉ አንድ ሰው ኪስ ውስጥ ነው፤ ሰውዬው ምሳ ወጥቷል። በሩ ቢከፈት እንኳ መብራቱ ሦስት ቦታ ይበራል፣ ካሜራው ለብቻው፣ ማይኩ ለብቻው፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ የይለፍ ቃል ይጠይቃል። የእኛን ክፍል አንድ ቀን ስቆጥረው ቀረጻ እስኪጀመር ከአሥር በላይ እርምጃ ነበረው።

ሥልጠና ይሰጥ የሚሉ አሉ። ሰጥተናል። በቀጣዩ ሴሚስተር ሁሉም ረስተውታል፤ አልፈርድባቸውም፣ በሴሚስተር ሁለቴ የሚነካ ዕቃ በልብ አይያዝም። መፍትሄው መምህሩ የሚወስኑትን ነገር ከክፍሉ ውስጥ አንድ በአንድ ማውጣት ነው። በአሜሪካ የፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ «ዋን በተን ስቱዲዮ» ብሎ የሠራው ይህንኑ ነው፦ ተጠቃሚው ፍላሽ ይዞ ይገባል፣ ሲሰካው መብራቱና ካሜራው ይነሳሉ፣ አንዲት ቁልፍ ሲጫን ቀረጻው ይጀምራል፣ ደግሞ ሲጫናት ይቆማል፣ ፍላሹን ነቅሎ ይሄዳል።

ያንን ለመድገም የእነሱ ዕቃ አያስፈልግም። ኦቢኤስ (OBS) የሚባለው ነፃ የቪዲዮ መቅረጫ ፕሮግራም ቀረጻ ማስጀመሪያና ማቆሚያን በአንድ ቁልፍ ላይ ማድረግ ይችላል። በኬብል የምትሰካ የቁጥር ብቻ ኪቦርድ ግዙና ከአንዷ በቀር ሌሎቹን ቁልፎች ነቃቅሏቸው። መብራቶቹን በሙሉ አንድ ዲቫይደር ላይ ሰክታችሁ ማብሪያውን በሩ አጠገብ አድርጉ። ኮምፒውተሩ ሲበራ ያለ ይለፍ ቃል ይግባ፤ ኦቢኤስም አብሮ ይከፈት። ካሜራውን ግድግዳ ላይ እሰሩት እንጂ ትራይፖድ ላይ አትተዉት፤ ትራይፖድ የሚንቀሳቀስ ነገር ነውና ያንቀሳቅሱታል። የወንበሩን እግሮች ቦታ ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉ፣ ፎከሱን እዚያው ቆልፉት። የበሩን ቁልፍ ላይብረሪ ውስጥ መጽሐፍ ማዋሻው ጋ አስቀምጡት፤ ማንም መታወቂያ አስይዞ ይውሰድ።

ምልክት፦ ተናግረው ጨረሱ፣ የተቀረጸ ነገር የለም

አንድ ዶክተር 40 ደቂቃ አስተምረው ወጡ። ፋይሉን ስንከፍተው 4 ሴኮንድ ነው፤ ውስጡም «ጀመረ እንዴ?» ይላል። ቁልፏን ተጫኑ፣ ቀረጻው ጀመረ፤ መጀመሩን የሚነግራቸው ስላጡ ደገሙና አቆሙት። ስህተቱ የእኔ ነበር። የአንድ ቁልፍ ስቱዲዮ ትልቁ ወጥመድ ይኸው ነው፦ ያው ቁልፍ ስለሚያስጀምርና ስለሚያቆም፣ ክፍሉ ያለበትን ሁኔታ ጮክ ብሎ መናገር አለበት። ከካሜራው ሥር ስክሪን አድርጉና የሚቆጥረውን ሰዓት ትልቅ አድርጋችሁ አሳዩ። ከሱ ሥር ወረቀት ላይ «ሰዓቱ እየቆጠረ ከሆነ እየተቀረጸ ነው» ብላችሁ ለጥፉ። በአማርኛ፣ በትልቁ።

ምልክት፦ ድምፁ ጉድጓድ ውስጥ ያለ ሰው ይመስላል

ተማሪ ደብዛዛ ምስል ይታገሣል፤ የሚያስተጋባ ድምፅ ግን አይታገሥም፣ ወዲያው ይዘጋዋል። ሁለት ምክንያት አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም አንድ ላይ ናቸው።

አንደኛው ርቀት ነው። ማይኩ ከአፍ የሚርቅበት ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር ቀጥታ የሚደርሰው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል፤ ከግድግዳ የሚመለሰው ማስተጋባት ግን ያን ያህል አይቀንስም። ካሜራው ላይ ያለ ማይክ ስለዚህ ሰውየውን ሳይሆን ክፍሉን ይቀርጻል። ደረት ላይ የሚሰካ ማይክ ከአገጭ አንድ ስንዝር ዝቅ አድርጉና ግማሹ ችግር ይወገዳል።

ሁለተኛው ክፍሉ ራሱ ነው፦ ልስን ግድግዳ፣ ሴራሚክ ወለል፣ መስታወት መስኮት። መሃሉ ላይ ቆማችሁ አንዴ አጨብጭቡ፤ ጭብጨባው ከኋላው ጅራት ካወጣ ክፍሉ ራቁቱን ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ከቤት ሁለት ጋቢና አንድ ብርድ ልብስ አምጡና ከካሜራው ኋላ ሰቅላችሁ ቅረጹ። ልዩነቱን ለፋይናንስ ክፍሉ አሰሙት፤ ከማንኛውም ደብዳቤ የበለጠ ያሳምናል። ቀጥሎ ወፍራም መጋረጃ ግዙ። ስፋቱ ከግድግዳው እጥፍ ያህል ይሁንና ተሸብሽቦ ይንጠልጠል፤ ከግድግዳውም መዳፍ ያህል ራቅ ይበል። ወለሉ ላይ ምንጣፍ ጨምሩ። የእንቁላል ካርቶን የሚለጥፉ አሉ፤ የሰው ድምፅ ላይ የሚያመጣው ለውጥ እዚህ ግባ አይባልም፣ በዚያ ላይ እሳት ይወዳል።

የክረምት ዝናብ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ ግን መጋረጃም ስፖንጅም አያድንም። ክፍል ስትመርጡ ከላዩ ሌላ ፎቅ ያለበትን ምድር ቤት ያዙ፤ ካልተገኘ የክረምቱን ቀረጻ ጠዋት ጠዋት አድርጉት፣ በደጋው አገር ዝናቡ በብዛት ከሰዓት በኋላ ነው የሚበረታው። የጄኔሬተሩንም ቦታ ጠይቁ። እኛ አልጠየቅንም ነበር።

ድምፁ ውስጥ ዝቅ ያለ «ምምም» ካለ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉ። እምምታው ከቆመ ችግሩ የመሬት መስመሩ ነውና ኤሌክትሪሺያን ይይላችሁ፤ የሶኬቱን የመሬት እግር መቁረጥ ግን ሰው ይገድላል። ድምፅ ጭራሽ ከሌለ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ የማይኩ ባትሪ፣ ማይኩ ላይ ያለው መዝጊያ፣ ኮንደንሰር (ከሚክሰሩ ኤሌክትሪክ የሚፈልግ) ማይክ ከሆነ ሚክሰሩ ላይ 48 ቮልት የሚለው ቁልፍ፣ በመጨረሻም ኦቢኤስ። ኦቢኤስ ውስጥ «ዲፎልት» የሚለውን ትታችሁ የማይኩን ስም ራሱን ምረጡ፤ አለበለዚያ አንድ ሰው ሌላ ዕቃ በሰካ ቁጥር ማይኩ ይቀየርባችኋል። ሰው ሲናገር የኦቢኤስ የድምፅ መለኪያ ከመቀነስ 12 ዴሲቤል አካባቢ ይመላለስ፣ ዜሮን አይንካ።

ምልክት፦ ነጠላው አበራ፣ ፊት ጠቆረ

ካሜራው በራሱ ብርሃን እንዲመጥን ሲተው የምስሉን አማካይ ያያል። ነጭ የሀገር ልብስ የምስሉን ግማሽ ሲሸፍን «በዛ» ብሎ ሁሉንም ያጨልማል፤ ፊት አብሮ ይጨልማል። በበዓል ሰሞን የመጡትን «ልብስ ቀይረው ይምጡ» ብላችሁ አትመልሷቸው። ካሜራውን ከአውቶማቲክ አውጡትና መጠኑን በፊታቸው አስተካክላችሁ ቆልፉት። ዋናውን መብራት በ45 ዲግሪ ከፊት አድርጉ፣ ልብሱ ላይ የሚወድቀውን ከመብራቱ ሥር በካርቶን ጋርዱት። መስኮት ከጀርባ ካለ ደግሞ መስኮቱን ዝጉ።

ኮምፒውተሩ አረንጓዴውን አጥፍቶ ሌላ ምስል እንዲተካበት ከጀርባ አረንጓዴ መጋረጃ ለሰቀላችሁ አንድ ቃል፦ የልብሱ ጥለት አረንጓዴ ከሆነ ሰውየው ወገቡ ላይ ቀዳዳ ያወጣል። ግራጫ ግድግዳ ይበቃል፤ እኔ አረንጓዴውን አውርጄዋለሁ።

ምልክት፦ ምስሉ ላይ ጥቁር መስመር ይንከላወሳል

የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው፣ ስለዚህ ርካሽ መብራት በሴኮንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። የካሜራውን የቪዲዮ ስልት ከኤንቲኤስሲ (ከ60 ኸርዝ ጋር ከሚሄደው) ወደ ፓል (ከ50 ኸርዝ ጋር ወደሚሄደው) ቀይሩ፣ በሴኮንድ 25 ፍሬም፣ ሻተር የሴኮንድ አንድ ሃምሳኛ። አለቀ።

ምልክት፦ የስላይዱ ፊደል ሳጥን ወይም የፈረንጅ ምልክት ሆነ

ሁለቱ ምልክቶች የተለያየ በሽታ ናቸው። ሳጥን ከሆነ ኮምፒውተሩ የግዕዝ ፎንት የለውም፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ጫኑ፣ ሁለቱም ነፃ ናቸው። ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ከሆነ ጽሑፉ ዩኒኮድ (ፊደላትን በየኮምፒውተሩ አንድ ዓይነት የሚያደርገው የኮድ ሥርዓት) ሳይመጣ በነበሩት የድሮ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ነው፤ ያ ፎንት ካልተጫነ አይነበብም። መምህሩ ከራሳቸው ኮምፒውተር ላይ ፒዲኤፍ አድርገው ይምጡ የሚለው ሕግ ሁለቱንም ይፈታል። ቀጠሮ ሲይዙ ንገሯቸው፤ ካሜራ ፊት ከተቀመጡ በኋላ አይደለም።

ምልክት፦ መብራት ጠፋ፣ ፋይሉ አይከፈትም

ኤምፒ4 ፋይል ማውጫውን (ምስሉና ድምፁ ፋይሉ ውስጥ የት የት እንዳሉ የሚነግረውን ክፍል) በተለምዶ የሚጽፈው ቀረጻው ሲያልቅ ነው። መብራት መሃል ላይ ከጠፋ ምስሉ ዲስኩ ላይ ቢኖርም ማውጫው ስላልተጻፈ የትኛውም የቪዲዮ ማጫወቻ አያነበውም። ስለዚህ ኦቢኤስን ኤምኬቪ በሚባለው የፋይል ዓይነት አስቀርጹት፤ እስከተቋረጠበት ድረስ ያለው ይተርፋል። በኋላ ኦቢኤስ ውስጥ «ሪመክስ» የሚለው ትእዛዝ ጥራቱን ሳይነካ በአጭር ጊዜ ወደ ኤምፒ4 ይለውጠዋል።

ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) ካላችሁ ኮምፒውተሩንና ካሜራውን ብቻ ስኩበት። መብራቶቹን ከጨመራችሁ ባትሪውን ወዲያው ይጠጡታል። ምርጫ ካላችሁ ግን ከዴስክቶፕ ይልቅ ላፕቶፕ ውሰዱ፣ ባትሪው ራሱ ዩፒኤስ ነው። የተበላሸውን ኤምፒ4 ግን አትሰርዙት፦ አንትራንክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ በዚያው ካሜራና በዚያው ቅንብር የተቀረጸ ጤነኛ ፋይል ስትሰጡት አንዳንዴ ያድነዋል።

ምልክት፦ ቀረጻው ያለ ምክንያት ተቆረጠ

የተቆረጠበትን ቦታ እዩ፤ ቁጥሩ ይናገራል። ፋይሉ 4 ጊጋባይት ላይ ከቆመ ፍላሹ ፋት32 በሚባለው፣ ከዚያ የበለጠ ፋይል በማይቀበለው ፎርማት የተዘጋጀ ነው፤ በሴኮንድ 12 ሜጋቢት ስትቀርጹ ይህ 47 ደቂቃ አካባቢ ይመጣል። ወደ ኤክስፋት ፎርማት አድርጉት፣ ያለውን ሁሉ እንደሚያጠፋ ለባለቤቱ ነግራችሁ። 29 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ ላይ ከቆመ ካሜራው ነው፦ በአውሮፓ ጉምሩክ 30 ደቂቃና ከዚያ በላይ የሚቀርጽ እንደ ቪዲዮ ካሜራ ይቀረጥ ስለነበር ብዙ የፎቶ ካሜራ አምራቾች ሆን ብለው ገደብ አደረጉበት። ካሜራው ውስጥ አትቅረጹ፤ በኤችዲኤምአይ ወደ ኮምፒውተሩ አስገቡት።

እኛ ፍላሽ ላይ በቀጥታ መቅረጽ ትተናል። መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ዲስክ ላይ፣ ከዚያ ኮፒ። የግቢ ፍላሽ ፎልደሩን ሁሉ አቋራጭ (ሾርትከት) የሚያደርገውን ቫይረስ ይዞ እንደሚዞር ደግሞ ለማንም መንገር አያስፈልገኝም፤ ጸረ ቫይረሱን አድሱ።

ምልክት፦ ቪዲዮው ተሠርቷል፣ ተማሪው ግን አላየውም

በሴኮንድ 8 ሜጋቢት የተቀረጸ አንድ ሰዓት 3.6 ጊጋባይት ነው። በተራ የቴሌግራም አካውንት የሚላክ ፋይል ከ2 ጊጋባይት አይበልጥም፤ ቢላክም ተማሪው በራሱ ዳታ ነው የሚያወርደው። 720 ፒ በ1.5 ሜጋቢት አድርጉት፣ ሰዓቱ ወደ 675 ሜጋባይት ይወርዳል፤ ለሚናገር ሰውና ለስላይድ በቂ ነው። አሥር አሥር ደቂቃ ቆራርጣችሁ የእያንዳንዱን ርዕስ በፋይሉ ስም ላይ ጻፉ። «ፋይናል 2 አዲሱ» የሚል ስም የተሰጠውን ማንም አይከፍተውም፤ እኔም አልከፍትም።