የጥንቱን ባለባሩድ ስድስት ጎራሽ ካሊበርና ጉልበት እንዴት እንለካለን

በጎንደርና በአካባቢዋ ከቅድመ አያት የወረደ አሮጌ ሽጉጥ በጨርቅ ጠቅልሎ በሣጥን ያስቀመጠ ቤተሰብ ያጋጥማል። ባለቤቱ ሲጠየቅ «የዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ነው» ይላል እንጂ ምን ያህል ስፋት ያለው አረር ይጎርስ እንደነበር (ካሊበሩን ማለት ነው) እና ጉልበቱ እስከ ምን ድረስ እንደሆነ አያውቅም። ሁለቱንም ሳይተኩሱ በልኬት ብቻ ማወቅ ይቻላል። እንዲህ ያለ ሽጉጥ መተኮስም የለበትም፤ የመሣሪያ ይዞታ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚገዛ ስለሆነም ፈቃዱን አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል።

ከሁሉ በፊት ሽጉጡ ባዶ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ጥቁር ባሩድ ደረቅ እስከሆነ ድረስ መቶ ዓመት ቢያልፈውም ይቀጣጠላል። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙረው፣ ቃታውን ሳይነኩ ባሩዱና አረሩ ከሚጎረሱበት ተሽከርካሪ ከበሮ በስተኋላ ባሩዱን የሚያቀጣጥሉት ትንንሾቹ የመዳብ ቆቦች አሁንም ተሰክተው እንደሆነ ይመልከቱ። ቆብ ካለ፣ ወይም ከከበሮው ፊት ለፊት ባሉት ጉድጓዶች ውስጥ እርሳስ ከታየ፣ ሥራው እዚያው ይቁምና ፖሊስ ይጠራ። ምንም ካልታየ ቀጭን እንጨት በየጉድጓዱ እየሰደዱ ጥልቀቱን ከከበሮው የውጭ ርዝመት ጋር ያስተያዩ፤ እንጨቱ ወደ ታች ሳይወርድ መሐል ላይ ከቆመ ውስጡ ባሩድ አለ ማለት ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ካሊበሩ ይለካል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። አንድ ዘመዴ ከአባቱ የወረሰውን ሽጉጥ ለመለካት አራዳ ካለ የብረት ሥራ ቤት ካሊፐር (ስፋት መለኪያ መሣሪያ) ተውሼ አፈሙዙን ብቻ ለክቼ ነበር፤ 11.2 ሚሊሜትር ሆነ። በኋላ የከበሮውን ጉድጓድ አፍ ስለካ 11.4 አገኘሁ። ሚሊሜትሩ ለ25.4 ሲካፈል ኢንች ይሆናልና የመጀመሪያው 0.441፣ ሁለተኛው 0.449 ነው። በዚያ ዘመን ስያሜው የሚወጣው በአፈሙዙ ውስጥ ካሉት ጠመዝማዛ ቦዮች መካከል ከፍ ብለው በቀሩት ፊት ለፊት ጠርዞች መካከል ባለው ስፋት ስለነበረ ሽጉጡ «44» ይባላል፤ እውነተኛው አረር ግን ከጉድጓዱ አፍ ትንሽ የሚበልጥ ነው፤ ሲጠቀጠቅ ዙሪያው በቀጭን ቀለበት ተልጦ አጥብቆ ይቀመጣል። ስለዚህ አፈሙዙም፣ ስድስቱም ጉድጓዶች እያንዳንዳቸው ይለኩ፤ ዝገት የበላው ጉድጓድ ከሌሎቹ ሰፍቶ ይገኛልና።

የድቡልቡል እርሳስ ክብደት ለማግኘት ስፋቱን በሴንቲሜትር ሦስት ጊዜ በራሱ አባዝተው (ስፋት × ስፋት × ስፋት) በ5.94 ያባዙት፤ ውጤቱ በግራም ይመጣል። 11.5 ሚሊሜትር የሆነው የ44 አረር 9 ግራም፣ 9.5 ሚሊሜትር የሆነው የ36 አረር ደግሞ 5 ግራም ያህል ይመዝናል። በስፋት አንድ አምስተኛ ቢበላለጡ ነው፤ በክብደት ግን ትልቁ ትንሹን እጥፍ ሊሆን ትንሽ ይቀረዋል። የእንግሊዞቹ አዳምስ ሽጉጥ «54» ተብሎ ቢገኝ ቁጥሩ ኢንች አይደለም፤ ከአንድ ፓውንድ እርሳስ 54 አረር ይወጣል ማለት ነው፤ ይህም ወደ 11.2 ሚሊሜትር ይጠጋል።

ካሊበር ብቻውን ግን ጉልበትን አይናገርም። አባቶቻችን ውጅግራ ያሉት የፈረንሳዩ ግራ ጠመንጃ ካሊበሩ 11 ሚሊሜትር ነው፤ ከ44 ሽጉጥ ጋር እኩል ለማለት ይቻላል። ሆኖም ውጅግራ 25 ግራም አረር በ5.25 ግራም ባሩድ በሰከንድ 450 ሜትር ያህል ሲያስወነጭፍ፣ በ1860 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካው ኮልት አርሚ ሽጉጥ 9 ግራሙን በሰከንድ 250 ሜትር ገደማ ይልካል። የክብደቱ ግማሽ በኪሎግራም ተወስዶ በፍጥነቱ ሁለት ጊዜ ሲባዛ የሽጉጡ ጉልበት 281 ጁል (የጉልበት መለኪያ)፣ የውጅግራው 2,531 ጁል ይሆናል፤ ዘጠኝ እጥፍ ነው።

ልዩነቱን የሚያመጣው በዋናነት የባሩዱ ማደሪያ ስለሆነ እርሱንም መለካት ይገባል። ከበሮው ሳይታገል የሚወጣ ከሆነ ይውጣ፤ ካልሆነ አያስገድዱት። የጉድጓዱን ታች በጥቂት ጥጥ ደፍነው፣ አረሩ የሚቀመጥበትን ቦታ አስቀርተው ቀሪውን በደረቅ ጤፍ ይሙሉ፤ ጤፉን ወደ መርፌ መስጫ ሲሪንጅ ገልብጠው ስንት ሚሊሊትር እንደሆነ ያንብቡ። ጤፍ ደቃቅ ስለሆነ ጥጉን ሁሉ ይሞላል። አንድ ሚሊሊትር ጥቁር ባሩድ በግምት አንድ ግራም ነው። የኮልት አርሚ ጉድጓድ ወደ 2 ግራም ሲይዝ፣ በ1847 እ.ኤ.አ. የተሠራው የኮልት ዎከር ሽጉጥ ያው 44 ሆኖ ሳለ እስከ 4 ግራም ይጎርስ ነበርና ከ500 ጁል ይበልጣል። ለዚህም ነው ወደ 2 ኪሎ የሚመዝነው፤ እንዲያም ሆኖ የዘመኑ ብረት አልችል ብሎ ከበሮው በተኳሹ እጅ ላይ የፈነዳበት ጊዜ ነበር። በዓመቱ የወጣው የኮልት ድራጉን ሽጉጥ ከበሮው እንዲያጥርና ባሩዱ እንዲቀንስ የተደረገው በዚህ ምክንያት ነው።

ልኬቱ ሲያበቃ ጤፉንና ጥጡን አራግፈው፣ የአፈሙዙን፣ የስድስቱን ጉድጓዶችና የማደሪያውን ቁጥር በእርሳስ በወረቀት ጽፈው ከሽጉጡ ጋር ያኑሩ። ሽጉጡን ስስ ዘይት ቀብተው በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ይጠቅልሉት እንጂ ወደ ቆዳ አፎቱ አይመልሱት፤ ቆዳ በጎንደር ክረምት እርጥበት ይስባል፤ ዝገቱም ቁጥሮቹ የተቀረጹበትን የብረቱን ፊት ቀድሞ ይበላል።