ማዞር ሲመጣ ምን ማድረግ ይገባል? መንስኤውን መለየትና ማከም

ወሎ ውስጥ አንድ ሰው «አዞረኝ» ሲል መልሱ ዝግጁ ነው፦ ደም ማነስ ነው፣ ግፊት ነው፣ ሆድህ ባዶ ነው። ሊሆን ይችላል። ሐኪም ግን አስቀድሞ የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ ምን ሲያደርጉ ጀመረዎት? ምን ያህልስ ቆየ? እነዚህን ሁለት መልሶች ይዞ ጤና ጣቢያ የሄደ ሰው ምርመራውን አጋምሶታል።

1. አስቀድመው አደጋውን ይለዩ

ማዞሩ በድንገት መጥቶ ፊት ከተጣመመ፣ እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ አንደበት ከተሳሰረ፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ ወይም ያለ ድጋፍ መቆም ካቃተ የአንጎል ስትሮክ ሊሆን ይችላል። የደረት ሕመም ወይም ራስን መሳት ከተጨመረበትም እንዲሁ አያዘግዩ። በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው። ጠበሉም ዱዓውም ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

2. ሲነሱ ብቻ የሚያዞርዎት ከሆነ ግፊትዎን ያስለኩ

ጥቂት ደቂቃ ተኝተው ይለኩ፤ ከዚያ ቆመው በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ይድገሙት። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ምክንያቱ ተገኘ ማለት ነው። የባቲና የከሚሴ ሙቀት፣ ተቅማጥ፣ ደም መፍሰስ፣ የግፊት መድኃኒት ሁሉ ይህን ያመጣሉ። ከቀትር ጀምሮ ጫት ላይ ተቀምጦ እህል ውኃ የረሳ ሰው ሲነሳ ቢያዞረው አይደንቅም። ውኃ ይጠጡ፤ ከአልጋ ሲወርዱ መጀመሪያ ጠርዙ ላይ ይቀመጡ። የግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ረመዳንም ሆነ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ስለ መውሰጃ ሰዓቱ ሐኪም ያማክሩ። በራስዎ ፈቃድ ማቋረጥ ግን ከማዞሩ የባሰ ነው።

3. አልጋ ላይ ሲገላበጡ ቤቱ የሚሽከረከር ከሆነ

ይህ በጣም የተለመደው የጆሮ ማዞር ነው፤ እያንዳንዱ ዙር ከአንድ ደቂቃ አይዘልም። በውስጠኛው ጆሮ ያሉ ጥቃቅን የካልሲየም ቅንጣቶች ከቦታቸው ተነቅለው ሚዛንን ወደሚቆጣጠሩት ፈሳሽ የሞላባቸው ቱቦዎች ሲገቡ ይፈጠራል። ብዙ ሰው ለዚህ ሕመም የደም ማነስ እንክብል እየዋጠ ወራት ይገፋል፤ ሕክምናው ግን እንክብል አይደለም። አሜሪካዊው የጆሮ ሐኪም ጆን ኤፕሊ ያስተዋወቀው የጭንቅላት እንቅስቃሴ ነው።

የታመመው ጆሮ ወደ እሱ ዞረው ሲተኙ ማዞሩ የሚብስበት ነው። ቀኙ ነው እንበል። ትራሱ ከትከሻዎ ሥር እንዲውል አድርገው እግርዎን ዘርግተው አልጋ ላይ ይቀመጡ። ጭንቅላትዎን 45 ዲግሪ ወደ ቀኝ ያዙሩና በጀርባዎ ፈጠን ብለው ይተኙ፤ ጭንቅላትዎ ወደ ኋላ ትንሽ ያዘንብል። ማዞሩ ይመጣል፤ አይደንግጡ፣ እስኪቆም ከ30 ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ ይጠብቁ። ሳይነሱ ጭንቅላትዎን 90 ዲግሪ ወደ ግራ ያዙሩ፤ ያንኑ ያህል ይቆዩ። ቀጥሎ በግራ ጎንዎ ይተኙና ፊትዎን ወደ ወለሉ ይድፉ፤ እንደገና ይጠብቁ። በመጨረሻ በግራ በኩል ቀስ ብለው ይነሡ። ለግራ ጆሮ አቅጣጫዎቹ ይገለበጣሉ። የመጀመሪያውን ጊዜ ባለሙያ ቢያሠራዎት ይመረጣል፤ የአንገት ሕመም ያለበት ሰው ብቻውን አይሞክረው።

4. ረዘም ላለው ማዞር

ለሰዓታት የሚቆይና ጆሮ የሚጮህበት፣ መስማት የሚቀንስበት ከሆነ ሜኒዬር የተባለው የጆሮ በሽታ ይጠረጠራል። ከጉንፋን በኋላ መጥቶ ቀናት የሚያስተኛው ደግሞ የሚዛን ነርቭ ብግነት ሊሆን ይችላል። ጄንታማይሲን ወይም ስትሬፕቶማይሲን የተባሉትን የፀረ ባክቴሪያ መርፌዎች ተወግተው ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ሁለቱም የውስጥ ጆሮን ሊጎዱ ይችላሉ።

5. የማዞር መድኃኒትን ለጥቂት ቀን ብቻ

ማቅለሽለሹን ያስታግሳል። ለሳምንታት ከተወሰደ ግን አንጎል ሚዛኑን መልሶ እንዳይለማመድ ያዘገያል፣ እንቅልፍም ያመጣል። ማዞሩ እስኪለቅዎት ድረስ ጣራ ላይ አይውጡ፤ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ ቁልቁለት የሚነዱ ከሆነም መሪውን ለሌላ ሰው ይስጡ።