ትንሿን ጀልባ ከሞተር ጀልባ ጀርባ እንዴት እንሰቅላለን?

በበጋ መጨረሻ ጣና ይሸሻል። መስከረም ላይ ጀልባችን አፍንጫዋን ያሳረፈችበት የዘጌ ዳርቻ ግንቦት ላይ ጭቃና ድንጋይ ሆኖ ይጠብቀናል። ሞተር ጀልባ ደግሞ ጥልቀት ይፈልጋል። ፕሮፔለሩ ድንጋይ ከነካ የዕለቱ ጉዞ እዚያው አበቃ። ስለዚህ ሰውን ከጀልባ ወደ ዳር የምታደርስ ትንሽ ጀልባ መያዝ ግድ ይላል። ብዙዎቻችን የምንይዘው በአየር የምትሞላውን የጎማ ጀልባ ነው።

ጥያቄው እንዴት ይዘናት እንሂድ የሚለው ነው። እኔ ለረጅም ጊዜ በገመድ እየጎተትኩ ነበር የምወስዳት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ስንመለስ ንፋስ ተነሳ። ፍጥነት ስቀንስ ገመዱ ላላ። ማዕበሉ ትንሿን ጀልባ ወደ እኛ ገፋት፤ ገመዱም ፕሮፔለሩ ላይ ተጠመጠመና ሞተሩ ጠፋ። አራት ሰው ጭነን፣ ጎናችንን ለማዕበል ሰጥተን፣ ገመዱን በቢላ ቆርጠን እስክናወጣ ድረስ የተሰማኝን ፍርሃት እስካሁን አልረሳውም። ከዚያ ቀን ወዲህ መጎተት ትቻለሁ። ትንሿ ጀልባ ከትልቋ ጀርባ፣ ከውሃው በላይ ተሰቅላ ነው የምትሄደው።

አሰቃቀሉን እንደሠራሁት እነግራችኋለሁ። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ያዙልኝ። ጀልባዋን ማንሳቱ ብዙ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው እንዳትወዛወዝ ማድረጉ ነው። የሚወዛወዝ ጭነት ብሎን ያላላል፣ ሞተሩ የሚታሰርበትን የኋላ ግድግዳ ይሰነጥቃል።

መጀመሪያ፦ ጀልባችሁ ትችለዋለች ወይ?

ድሪል ከመያዛችሁ በፊት ሜትር ያዙ። ትንሿ ጀልባ ከጀርባ በአግድም ነው የምትሰቀለው፤ ስለዚህ ርዝመቷ ከትልቋ ወርድ መብለጥ የለበትም። ከበለጠች ጫፏ ወደ ጎን ወጥቶ ወደብ ላይ ካለው ነገር ሁሉ ጋር ይጋጫል። ወደ 6 ሜትር የሚጠጋ ሞተር ጀልባ ብዙ ጊዜ ከ2 ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ወርድ አለው። 2 ሜትር ከ30 የምትሆን የጎማ ጀልባ ለእንዲህ ዓይነቱ ትስማማለች።

ቀጥሎ ክብደት። ወለሏ የሚተጣጠፍ የጎማ ጀልባ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ትመዝናለች። ሆዷ በአሉሚኒየም ወይም በፋይበርግላስ የተሠራ ከሆነ 40 ኪሎና ከዚያ በላይ ልትደርስ ትችላለች። ለትንሽ ሞተር ጀልባ የመጀመሪያዋን ምረጡ። የራሷ ትንሽ ሞተር ካላትም ከመስቀላችሁ በፊት ፈትታችሁ ውስጥ አስገቡት።

እዚህ ላይ የጣናን ነገር አትርሱ። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው። አየሩ ስለሚሳሳ ሞተር ጉልበት ያጣል፤ በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ብላችሁ አስቡት። 40 የፈረስ ጉልበት የሚል የተጻፈበት ሞተር እኛ ዘንድ የሚሰጠው 33 ገደማ ነው። ባሕር ላይ ጀርባዋን ጭና አፍንጫዋን ቀና አድርጋ የምትበር ጀልባ እዚህ ጉልበት አንሷት ልትንፏቀቅ ትችላለች።

ስለዚህ ሙከራ እናድርግ። 20 ሊትር የሚይዙ አምስት ጀሪካኖች ውሃ ሙሉ። ይህ 100 ኪሎ ነው። ትንሿ ጀልባና የምትሰቀልበት ማንጠልጠያ አብረው ከ50 እስከ 70 ኪሎ ቢሆኑም ጭነቱ ከግድግዳው ወደ ኋላ ስለሚወጣ ክብደቱ ይበልጥ ይሰማል፤ ለዚህ ነው ጨምረን የምንሞክረው። ጀሪካኖቹን ከኋላ ግድግዳው ሥር ደርድሩ። የተለመደውን ያህል ሰውና ነዳጅ ጫኑ። አሁን ወደ ኋላ ሄዳችሁ እዩ። ከግድግዳው የላይኛው ጠርዝ ዝቅ ካለው ቦታ እስከ ውሃው ድረስ አንድ ስንዝር ካልቀረ ሐሳቡን ተዉት። የወለሉ ውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ከውሃ በታች ከገቡም እንዲሁ። ጀልባችሁ ከ5 ሜትር የምታንስ ከሆነ ምናልባት እዚህ ላይ ትቆማላችሁ። ያኔ የጎማ ጀልባዋን አየሯን አውጥቶ፣ ጠቅልሎ ከፊት መጫን ይሻላል። ይህ እንደ ሽንፈት አይቆጠርም።

በነገራችን ላይ የደንገል ታንኳን በዚህ መንገድ መስቀል አይቻልም። አንድ ሰው ጠይቆኝ ያውቃል። ደንገል ውሃ ይጠጣል፣ ከውሃ ሲወጣም ከባድ ነው። በሁለት ቦታ ብቻ ይዘን ብናንጠለጥለው ወገቡ ይሰበራል። ታንኳ ዳር ላይ ወጥቶ ፀሐይ ሊሞቅ ነው የተሠራው።

ክንዶቹ

ማንጠልጠያው ሁለት ክንድ አለው፤ ከግድግዳው ተነስቶ ወደ ላይና ወደ ኋላ የሚታጠፍ። ርዝመቱን የሚወስነው ሞተሩ ነው። ሞተሩን እስከ መጨረሻው ወደ ላይ አንሱት። ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዙሩት። በጣም ወደ ኋላ የወጣበትን ቦታ ለኩና አንድ ጋት ጨምሩ። ትንሿ ጀልባ ከዚያ ወዲህ መቅረብ የለባትም። ይህን ሳይለኩ አሠርተው ሞተራቸውን ማንሳት ያቃታቸው ሰዎች አይቻለሁ። ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ሞተር ማንሳት አለመቻል ትልቅ ጣጣ ነው።

ክንዶቹን በያጅ ጋ ወስዳችሁ አሠሩ። ዲያሜትሩ 50 ሚሊ፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ የሆነ የብረት ቱቦ ይበቃል። ከታች ወደ ላይ የሚደግፍ ሰያፍ ብረት ይኑረው። የጣና ውሃ ጨው ስለሌለው ውድ የሆነው የማይዝግ ብረት የግድ አይደለም። ጋልቫናይዝድ፣ ማለትም ዚንክ የተለበጠ ብረት በደንብ ያገለግላል። ብየዳው ያረፈበት ቦታ ግን ልባሱ ስለሚቃጠል ፀረ ዝገት ቀለም መቀባት አለበት። በያጁ «ግድ የለም፣ ይኸው ጠንክሯል» ቢላችሁም ቀለሙን ሳይቀባ አትቀበሉት።

በሁለቱ ክንዶች መካከል ያለው ርቀት ትንሿ ጀልባ ላይ ካሉት የማንሻ ቀለበቶች ርቀት ጋር እኩል ይሁን። ገመዱ ቀጥ ብሎ መውረድ አለበት። ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ካዘነበለ ቀለበቶቹን እየሳበ ከጎማው ያላቅቃቸዋል።

ቀዳዳው

ዋናው ሥራ ይህ ነው። ቀስ በሉ።

የክንዶቹን እግር፣ ማለትም ግድግዳው ላይ የሚያርፈውን ክፍል፣ ቅርጽ በካርቶን ላይ አውጡና ግድግዳው ላይ ለጥፉት። ከውስጥ በኩል ምን እንዳለ እዩ፤ የነዳጅ ቱቦ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የመሪ ገመድ። ሁሉም ቀዳዳ ከውሃው መስመር በላይ መሆን አለበት። መጀመሪያ በ3 ሚሊ ጫፍ ብሱ፣ ትክክል መሆኑን አረጋግጡ፣ ከዚያ አስፉት።

የፋይበርግላስ ጀልባ ከሆነ ግድግዳው ውስጥ ብዙ ጊዜ እንጨት አለ። ያ እንጨት ውሃ ካገኘ ከውስጥ ይበሰብሳል፤ ከውጭ ደግሞ ምንም አይታይም። መፍትሔው ይኸውላችሁ። ቀዳዳውን ከብሎኑ አስፍታችሁ ብሱት፣ በኤፖክሲ (ሲደርቅ በሚጠነክር ሙጫ) ሙሉት፣ አንድ ቀን አድርቁት፣ ከዚያ የደረቀው ኤፖክሲ መሃል ላይ በብሎኑ ልክ እንደገና ብሱ። አሁን ብሎኑ ከእንጨቱ ጋር አይገናኝም። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ጀልባዋን የሚያቆያት ግን ይህ ነው።

ብሎኑ 10 ሚሊ፣ ለእያንዳንዱ እግር አራት። ከውስጥ በኩል በትንሽ ሮንዴላ ብቻ አትሰሩ። ቢያንስ 15 በ15 ሳንቲም የሆነ፣ 5 ሚሊ ውፍረት ያለው ላሜራ ደግፉበት፤ ጭነቱን የሚያከፋፍለው እሱ ነው። በእግሩና በግድግዳው መካከል ለጀልባ የሚሆን ማሸጊያ ቀቡ። ዳዶውን መጀመሪያ በመጠኑ አጥብቁ፣ ማሸጊያው ሲደርቅ በደንብ ጨርሱት። አንዴ በኃይል ካጠበቃችሁት ማሸጊያው ሁሉ ተጨምቆ ይወጣና ውሃ ያስገባል። ላሜራ ጀልባ ላላችሁ ሥራው ይቀላል፤ ያው ብየዳና ቀለም ነው። ከመበየዳችሁ በፊት ግን የነዳጅ ታንኩን አውጥታችሁ አርቁ፣ ባትሪውንም ንቀሉ።

ሲያልቅ ጀሪካኖቹን መልሱ። ጀልባዋ ወደብ ላይ ታስራ ሳለ በየክንዱ ሁለት ሁለት ጀሪካን አንጠልጥሉ። አንድ ሰዓት ይቆይ። ግድግዳው ከታጠፈ ወይም ድምፅ ካሰማ አሁን ማወቁ ይሻላል።

ማንሳትና ማሰር

በየክንዱ ጫፍ ፑሊ ይኑር፤ ገመዱ 8 ሚሊ። ገመዱን አራት ጊዜ የሚያመላልስ ፑሊ ከተጠቀማችሁ አንድ ሰው ብቻውን ሁለቱንም ጫፍ እያፈራረቀ ማንሳት ይችላል። ሞተሩ መጥፋቱን አረጋግጡ። አንዱን ጫፍ ጥቂት ከፍ አድርጋችሁ ሌላውን አስከትሉ። የትንሿ ጀልባ ሆድ ከውሃው ቢያንስ ግማሽ ሜትር ይራቅ።

ከዚያ ወዲያው የትንሿን ጀልባ የውሃ መውጫ ቀዳዳ ውታፍ አውጡ። ይህን ካልረሳችሁ ሌላው ይቀላል። የውስጧ ስፋት አንድ ካሬ ሜትር ያህል ቢሆን፣ 10 ሳንቲም ዝናብ ሲጠራቀምባት 100 ኪሎ ውሃ ተሸከመች ማለት ነው። ሐምሌና ነሐሴ በጎጃም እንዴት እንደሚዘንብ ታውቃላችሁ። ውታፉን ሳታወጡ ሰቅላችሁ ብትሄዱ ስትመለሱ ክንዱ ተጣሞ ልታገኙት ትችላላችሁ። ውታፉን በሲባጎ ከጀልባዋ ጋር እሰሩት፣ እንዳይጠፋ፤ ስታወርዷትም መልሳችሁ መወተፍ እንዳይረሳችሁ።

አሁን ማሰሩ። የማንሻው ገመድ ክብደቱን ይዟል፤ መወዛወዙን ግን አይዝም። ከትንሿ ጀልባ ግራ ጫፍ ወደ ትልቋ ቀኝ ጥግ፣ ከቀኝ ጫፍ ወደ ግራ ጥግ ገመድ አሳልፉና አጥብቁ፤ መስቀል ይሠራል። ከሆዷ ሥር አንድ የጭነት ቀበቶ አዙራችሁ ወደ ክንዶቹ ሳቡት። ጎማው ከብረት ጋር በሚነካካበት ቦታ ሁሉ አሮጌ ከመነዳሪ ቆርጣችሁ ጠምጥሙ፤ ያለዚያ በአንድ ወር ተፍቆ ይበሳል። ከዚያ ትንሿን ጀልባ በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ናጧት። ትልቋ አብራት ከተናጠች ማሰራችሁ ልክ ነው። ትንሿ ብቻዋን ከተንቀሳቀሰች እንደገና እሰሩ።

የኋላ መብራታችሁ መጋረዱንም እዩ። ማታ የምትሄዱ ከሆነ ነጩ መብራት ከኋላ ለሚመጣ ጀልባ መታየት አለበት፤ ከተጋረደ ወደ ክንዱ ጫፍ አውጡት።

የመጀመሪያው ጉዞ

ጠዋት ውጡ። ጣና ጠዋት ረጋ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ነው ንፋሱ የሚነሳው። ከወደብ ሳትርቁ ጀምራችሁ ፍጥነት ቀስ በቀስ ጨምሩ። አፍንጫዋ ከልክ በላይ ከተነሳ ነዳጁንና ዕቃውን ወደ ፊት አሽሹ፤ አንድ ሰውም ወደ ፊት ይቀመጥ። በድንገት ሞተር አትቀንሱ፤ የራሳችሁ ማዕበል ከኋላ መጥቶ የተሰቀለችውን ጀልባ ከሥር ይመታታል። ሁሉም ሰው ላይፍ ጃኬት ይልበስ፣ አንድ ቢላም በቅርብ ይኑር።

አየሩንም ልብ በሉ። ጠዋት በብርድ ጠንክራ የተነፋች ጎማ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ሲያገኛት ትወጠራለች። ትንሽ አስተንፍሷት፣ ወይም ሸራ አልብሷት። ፀሐዩ ጎማውንም ቀስ በቀስ ያደርቀዋል።

ማታ ወደብ ላይ ስታድሩ ተሰቅላ ትደር። በተለይ ከሐይቁ ዓባይ የሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለ፤ የጎማ ጀልባ ውሃ ላይ ትታችሁ መተኛት አይመከርም።

ከመጀመሪያው ጉዞ ስትመለሱ ቁልፍ ያዙና ስምንቱንም ብሎን ሞክሩ። አንድ ሁለቱ ግማሽ ዙር ይላላሉ፤ የኔም ላልተው ነበር። አጥብቋቸውና በዳዶውና በላሜራው ላይ በቀለም አንድ መስመር አስምሩ። ከዚያ በኋላ መስመሩ ከተለያየ ዳዶው መዞሩን ቁልፍ ሳትይዙ በዓይን ብቻ ታያላችሁ።