ዳሎልና አሳሌ ስትሄዱ ሌንሳችሁን ከአቧራና ከጨው እንዴት ትጠብቁታላችሁ?

ዳሎልና የአሳሌ ጨው ሐይቅ ያሉበት ዳናክል የሚሄድ ሰው ለሙቀቱ ይዘጋጃል፣ አቧራውን ግን ይረሳዋል። ከባህር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ባለው በዚያ ሜዳ ነፋሱ ሲነሳ አሸዋና የጨው ብናኝ ይዞ ነው። ብናኝ ሌንስ ላይ ስላረፈ ብቻ ብዙ አይጎዳም። ሌንስ የሚጫረው ብናኙ ሳይራገፍ ሲጠረግ ነው፤ በቲሸርት ጫፍ የሚጠርጉ ሰዎችን ሳይ በጣም ያሳዝነኛል።

ከመነሳታችሁ በፊት ቦርሳውን ገልብጣችሁ በደንብ አራግፉት። ሌንሱ ፊት ላይ ዩቪ ፊልተር፣ ማለትም ሌንሱን የሚከልል ግልጽ መስታወት፣ እሰሩ። እያንዳንዱን ሌንስ ዚፕ ባለው ፕላስቲክ ለየብቻ አስቀምጡ። በእጅ የሚጨመቅ የጎማ መንፊያ፣ ለስላሳ ብሩሽና ሁለት ሦስት የማይክሮፋይበር ጨርቅ ያዙ። በቆርቆሮ የታመቀው አየር ይቅርባችሁ፣ አውሮፕላን ላይ አይፈቀድም።

እዚያ ከደረሳችሁ በኋላ ሌንስ ባትቀይሩ ይመረጣል፣ አንድ ጥሩ ዙም ይዞ መዋል ይሻላል። የግድ ከሆነ መኪና ውስጥ ግቡ፣ መስኮቱን ዝጉ፣ ኤሲውን አጥፉ። ካሜራውን አጥፍታችሁ አፉን ወደ ታች አዙሩት፤ የሚገባው ሌንስ የኋላ ክዳኑ ላልቶ አጠገባችሁ ይሁን፣ ክፍት የሚቆይበት ጊዜ በጣም እንዲያጥር። ከዚያ ሥራ ላይ ያልሆኑትን የካሜራ ክዳንና የሌንስ የኋላ ክዳን እርስ በርስ ግጠሟቸው። ኪስ ውስጥ ተከፍተው ከዋሉ የሰበሰቡትን አቧራ መልሰው ካሜራችሁ ውስጥ ነው የሚከቱት።

ስታጸዱ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ሌንሱን ወደ ታች ደፍታችሁ በመንፊያው ንፉ። በአፍ አትንፉ፣ ምራቅ ይረጫል። የቀረውን በብሩሽ አንሱ፤ የብሩሹን ፀጉር በጣት አትንኩት፣ ከቆዳችሁ ቅባት ይይዝና መስታወቱን ይቀባዋል። ጨርቅ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፣ ከመሃል ወደ ዳር እያዞራችሁ፣ ሳትጫኑ።

ጨው ለብቻው መታየት አለበት። አሳሌ ውሃው ውስጥ ቆማችሁ ስታነሱ የተረጨው ጠብታ ደርቆ ነጭ ምልክት ይተዋል። አልኮል ያለበት የሌንስ ማጽጃ ጨውን በደንብ አያሟሟውም፣ ውሃ ግን ያሟሟዋል። ስለዚህ ከተነፋ በኋላ በንጹህ ውሃ ትንሽ የረጠበ ጨርቅ አስቀድሙ፣ ማጽጃውን ቀጥሎ፣ እሱንም ጨርቁ ላይ እንጂ መስታወቱ ላይ አታንጠባጥቡ። ትራይፖዱንም ማታ በውሃ አለቅልቁት፣ ጨው ብረት ይበላል።

ሰማዩ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ካያችሁ በኤፍ 16 (የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ በጣም አጥብባችሁ) ሰማይ ብቻ አንሱና ሌንስ ቀይራችሁ ድገሙት። ነጠብጣቡ እዚያው ቦታ ካለ ሴንሰሩ፣ ማለትም ካሜራው ውስጥ ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ክፍል፣ ላይ ነው። መቀሌ ወይም አዲስ አበባ ገብታችሁ ለባለሙያ ስጡት፤ በረሃ ላይ ሴንሰር አትንኩ።