ብርቅዬ አሮጌ የሙዚቃ ኪቦርድ ፍለጋ፦ ችግርና መፍትሄ

ብፈልግ ብፈልግ አላገኘሁም

ብዙ ጊዜ ሻጩ የያዘውን ዕቃ ስለማያውቀው ነው። «አሮጌ ፒያኖ» ወይም «ኦርጋን» ብሎ ይለጥፈዋል። ስለዚህ በሞዴል ስም ብቻ አትፈልጉ። በተሳሳተ ፊደልም፣ በጅምላ ስሙም ሞክሩና ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እዩ። ጠጋኞችንም ጠይቁ። የማን ዕቃ የት አቧራ እየጠጣ እንዳለ ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ዋጋው ከመጠን በላይ ረክሷል፣ ሻጩም ያጣድፋል

ፎቶው የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። የዛሬው ቀን የተጻፈበት ወረቀት ቁልፎቹ ላይ አድርጎ አንስቶ ይላክላችሁ። ካንገራገረ ተዉት። ቀብድማ በጭራሽ!

የክላቪኔት (ባለ ክር ኤሌክትሪክ ኪቦርድ) ቁልፍ ይያያዛል፣ ጣት ሲነሳም ድምፁ አይቆምም

በሆነር ክላቪኔት ዲ6 ላይ ይሄ የታወቀ በሽታ ነው። በእያንዳንዱ ቁልፍ ስር ያለች ትንሽ ጎማ የብረቱን ክር እየመታች ታስጮኸዋለች። ጎማዋ ስታረጅ እንደ ማስቲካ ትለሰልስና ክሩ ላይ ትጣበቃለች። መፍትሄው የ60ዎቹንም ቁልፎች ጎማ መቀየር ነው። የተበላሹትን ብቻ መርጦ መቀየር ትርፉ ድካም ነው፤ የቀሩትም ተራቸውን ይጠብቃሉ። አዳዲስ ጎማዎች ዛሬም ይሠራሉ፤ ስለዚህ ይሄ ዋጋ ማስቀነሻ እንጂ መሸሻ አይደለም። ቁልፉ ሳይያያዝ እየተመለሰ ድምፁ ብቻ ከቀጠለ ግን ጎማውን ተዉትና ክሮቹ ላይ የተጠመጠመውን ማፈኛ ሱፍ እዩ።

የሃሞንዱ ቅኝት በሙሉ ወርዷል

እንደ ቢ-3 ባሉ ሃሞንድ ኦርጋኖች ውስጥ ድምፅ የሚፈጥሩትን የብረት ዲስኮች የሚያሽከረክር ሞተር አለ። ፍጥነቱን የሚወስነው የመብራቱ ሄርትዝ፣ ማለትም ፍሪኩዌንሲው፣ ነው። ለ60 ሄርትዝ የተሠራውን 50 ሄርትዝ ላይ ብትሰኩት ሁሉም ድምፅ 3 ሰሚቶን (ግማሽ ድምፅ) ያህል ይወርዳል። ሻጩ «ትራንስፎርመር አለው» ቢላችሁ አትታለሉ፤ ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ሄርትዙን አይለውጥም። የሚያስፈልገው ፍሪኩዌንሲ መቀየሪያ ነው። የሱን ወጪ ከመግዛታችሁ በፊት ዋጋው ላይ ደምሩት።

ሻጩ ሮድሱ (ኤሌክትሪክ ፒያኖ) በፈረንጆቹ የ1972 ነው ይላል፣ እናንተ ተጠራጥራችኋል

ክዳኑን አስከፍቱ። ውስጡ ባለ 4 አሃዝ ማኅተም ፈልጉ፦ 2375 ማለት በፈረንጆቹ 1975፣ 23ኛው ሳምንት ነው። የተለያየ ዓመት ያላቸው ማኅተሞች ካያችሁ ከሁለት ዕቃ የተገጣጠመ ሊሆን ይችላል።

«ይሠራል፣ ትንሽ ሰርቪስ ብቻ ነው የሚፈልገው»

ከሻጮች አፍ የሚወጣ በጣም ውድ ቃል ይሄ ነው። ከታች እስከ ላይ እያንዳንዱን ቁልፍ፣ አንዴ በቀስታ አንዴ በኃይል፣ እየነካ ቪዲዮ ይቅረጽላችሁ። ዉርሊትዘር ኤሌክትሪክ ፒያኖ ላይ አንድ ድምፅ ከጠፋ ብዙውን ጊዜ የብረት ምላሱ ተሰብሯል፤ ይተካል። ሮላንድ ጁኖ-106 ሲንተሳይዘር ግን የሚጫወተው በ6 የድምፅ ቻናል እየተፈራረቀ ነው። አንዱን ቁልፍ ደጋግሞ ይምታው። በየስድስተኛው ምት ድምፁ ከጠፋ ወይም ከተንኮሻኮሸ አንድ ቺፕ ሞቷል፤ ሌሎቹም በዕድሜ እኩያዎቹ ናቸው። ቪዲዮውን አልልክም ካለ፣ ዋጋውን እንደተበላሸ ዕቃ ተከራከሩ።