ዲሽ ከተነሳ በኋላ የቆርቆሮ ጣሪያ ቀዳዳ አደፋፈን

ዲሹ ይወርዳል፣ የብሎኖቹ ቀዳዳ ላይ ሲሊኮን ይቀባል፣ ሥራው አለቀ ይባላል። ሐምሌ ላይ ግን ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ይወጣል። አዳማ ላይ ቆርቆሮ ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ 3 ሜትር የሆነው በ40 ዲግሪ ልዩነት 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፣ ያጥራል። ከላይ ብቻ የተቀባ ሲሊኮን በዚህ መሳሳብ ጠርዙ ይላቀቃል። ሲሊኮን የሚያዛልቀው በሁለት ቆርቆሮ መሀል ሲጨፈለቅ ነው። ሲሚንቶማ ጭራሽ አይታሰብ፣ ይሰነጠቃል። ሬንጅም በቀትር ይለሰልሳል።

ሲሊኮን ስትገዙ ቱቦው ላይ «ኒውትራል» የሚል ፈልጉ። ሲወጣ እንደ አቼቶ የሚሸተው ዓይነት ዚንኩን ስለሚበላ ለቆርቆሮ አይሆንም። ለአራት ቀዳዳ አንድ ቱቦ ይበቃል። ከዚህ ሌላ 4 ሚሊ ሜትር የአሉሚኒየም ሪቬት፣ ትራፓኖ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ቲነርና ከጣሪያው ጋር አንድ ዓይነት ሞገድ ያለው ቁራጭ ቆርቆሮ ያስፈልጋል። ሞገዱ ካልገጠመ መሀሉ ክፍተት ይቀራል።

ሥራው ክረምት ሳይገባ፣ ግንቦት ላይ፣ ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ቢሆን ይሻላል። ከሰዓት በኋላ ብረቱ እጅ ያቃጥላል፣ ነፋሱም ቁራጩን ከእጅ ይነጥቃል (የንፋስ ኃይል ማመንጫው እዚህ የተተከለው በከንቱ አይደለም)። ስትወጡ ሚስማር የተመታበትን መስመር ርገጡ፣ ሞራሌው ከሥሩ አለ። መሀል ላይ ከቆማችሁ ቆርቆሮው ይጎብጥና የሌሎቹ ሚስማሮች ጎማ ይላቀቃል።

መጀመሪያ ቀዳዳው ያለበትን ቦታ እዩ። ሞገዱ ጉብታ ላይ ከሆነና ከሥሩ ደህና ሞራሌ ካለ፣ ከቀድሞው ወፈር ያለ ባለጎማ የቆርቆሮ ሚስማር ጎማው ሥር ትንሽ ሲሊኮን አድርጎ መምታት ይበቃል። ጎማው በመጠኑ ይጨፍለቅ እንጂ እስኪፈርጥ አትምቱ።

የሚያስቸግረው ሸለቆው ላይ ያለ ቀዳዳ ነው፤ ውሃው ሁሉ በዚያ ይወርዳል። እሱ ልጥፍ ይፈልጋል። ቁራጩን ከቀዳዳው በየአቅጣጫው ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር አስረዝሙ፣ ጎኖቹም ጉብታ ላይ ይረፉ። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት አውልቁ፣ በቲነር ጥረጉ፣ ይድረቅ። ከዚያ ሲሊኮኑን በላይኛውና በሁለቱ ጎን ጠርዝ ሳታቋርጡ አውጡ። የታችኛውን ጠርዝ ግን ክፍት ተዉት። ምናልባት ውሃ ከገባ መውጫው ያ ነው፤ ዙሪያውን ከደፈናችሁት ውሃው እዚያው ታስሮ ቆርቆሮውን ከሥር ያዝገዋል። ልጥፉን ጫኑ፣ ጉብታዎቹን ብቻ በየ5 ሳንቲ ሜትሩ በሪቬት እሰሩ። የላይኛው ጠርዝ ከላይ ባለው ቆርቆሮ መደራረቢያ ሥር ሊገባ ከቻለ እዚያ አስገቡት፤ ከማንኛውም ሲሊኮን ይበልጣል።

የትራፓኖውን ብናኝ ሳትጠርጉ አትውረዱ። ትንንሾቹ የብረት ፍርፋሪዎች በሚቀጥለው ዝናብ ዝገው ቆርቆሮው ላይ ቀይ ነጠብጣብ ያበዛሉ፣ ቀለሙንም ይበላሉ።

ሲሊኮኑ አንድ ቀን ሙሉ ይድረቅ። ከዚያ አንድ ሰው ባትሪ ይዞ ኮርኒስ ውስጥ ይግባ፣ ሌላው ከላይ ሁለት ባልዲ ውሃ በቀስታ፣ ከቀዳዳው ከፍ ብሎ ያፍስስ። ከዚያ በፊት በቀትር ኮርኒስ ውስጥ ገብቶ ጨለማውን ማየትም ይጠቅማል፦ ያልታሰበ ቀዳዳ እንደ ኮከብ ያበራል።